«አንበሳው» ሃያ ሁለተኛ ስለወጣበት የኮምፒውተር ክፍል መዘጋት

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፦

ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና በማይነቃነቅ ሥልጣን ታገኝዎ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ፣ በመምህራን ማረፊያ በር ላይ ለመለጠፍ በመድፈሬ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እኔ የሰባተኛ ክፍል የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ።

1ኛ. ትምህርትን ማራኪ ለማድረግ በኢንተርኔት በነጻ የሚገኙ መሣሪያዎችን እንድንጠቀም ላዘዙበት ባለሁለት ማኅተም መመሪያ ምስጋናዬ ወደር የለውም። የኮምፒውተር ክፍላችን እስከዚያ ድረስ ላም አለኝ በሰማይ ነበርና፣ መመሪያው ከወጣ በኋላ ቁልፉን ለማግኘት የፈጀብኝ ሰባት ሳምንት ብቻ ነው።

2ኛ. መመሪያዎን አክብሬ የጥያቄና መልስ ውድድር የሚያዘጋጅ ነጻ ድረ ገጽ አገኘሁ፤ ተማሪው ለራሱ ቅጽል ስም ያወጣል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ይመልሳል፣ ደረጃው በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ይታያል። ከኋላ ወንበር የማትጠፋው፣ ስትናገር ምላሷ የሚያዝባት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ «ነጎድጓድ» ብላ ገብታ ሁሉንም አስከነዳቻቸው። ቢሮዎ ድረስ የተሰማው ጩኸት የእኔ ነው፤ ልጆቹ ንጹሕ ናቸው።

3ኛ. ጩኸቱን ሰምተው መምጣትዎና «እስቲ እኔም ልሞክረው» ብለው ሃያ ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ መቀመጥዎ ትልቅ ክብር ነው። በዚያችው ደቂቃ ግድግዳው ላይ «አንበሳው» የሚል አዲስ ስም ብቅ ያለበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልተጣራም። ይህ ተወዳዳሪ ጥያቄው ተነብቦ ሳያልቅ መልሱን እየተጫነ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሆነበትና፣ የምድር ወገብን በካርታው ላይ አሳይ ሲባል ሰሜን ዋልታን ነካ፤ ወገብ አናት ላይ ሲፈለግ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከሃያ ሁለት ሃያ ሁለተኛ ወጣ። እርስዎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ስለሆኑ፣ እንዲህ ያለው ስሕተት ምን ያህል እንደሚያምዎ ይገባኛል።

4ኛ. በማግስቱ በሩ ላይ አዲስ ጓጉንቸርና «ለጥገና ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተገኘ፤ ለእኔም ጨዋታው «ሥነ ሥርዓት ያበላሻል» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጌታዬ፣ ከኮምፒውተሮቹ አንድም የተሰበረ የለም፤ በዚያ ክፍል የተሰበረውን ነገር ደግሞ ቴክኒሻን አይጠግነውም።

ለሚቀጥለው ቁጥር አልሰጠሁትም፣ ቀልድ አይደለምና። ነጎድጓድ ወደ ዝምታዋ ተመልሳለች። ልብስ ሰፊ እናቷ ሥራዋን ጥላ መጥታ፣ ልጄ ቤት ውስጥ ስለ ትምህርት ማውራት ጀምራ ነበር፣ ምን አደረጋችኋት ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? በጣም ተናድጃለሁ፤ ይህንን በትሕትና የምጽፍበት መንገድ አጣሁ።

በሩ እስኪከፈት ድረስ ካርታ በጠመኔ እየሣልኩ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለጓጉንቸርዎ ፈጣን ዝገትን የምመኝ፣

ታዛዥዎ፣ ባለማስጠንቀቂያዋ አስተማሪ

ሳልረሳው፦ ለማስጠንቀቂያው መልስ ከነማስረጃው እንዳቀርብ ስለታዘዝኩ፣ ድረ ገጹ በነጻ ያስቀመጠልኝን የውጤት ዝርዝር ከዚህ ሥር ለጥፌዋለሁ። ነጎድጓድም በብጣሽ ወረቀት ጽፋ አንድ መልእክት ሰጥታኛለች፤ «አንበሳው» የተባለውን ተማሪ ዘወትር ሐሙስ ከትምህርት በኋላ የምድር ወገብን ልታስጠናው ፈቃደኛ ናት፣ ያውም በነጻ። ሲመጣ ቁልፉን እንዳይረሳ ብቻ ትለምነዋለች።