የመጨረሻውን ስንኝ ያላስቆረጡት አቶ አሞጽ ዳና

አቶ አሞጽ ዳና ከአባታቸው ከአቶ ዳና ቦራጎና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስቴር ጋጋ በ1955 ዓ.ም. ሰቃ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከዳውሮ ለቡና ለቀማ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። በሰቃና በጅማ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ የሬዲዮ ጥገና ሙያ ቀስመው ጅማ ጊንጆ ጉዱሩ ውስጥ ጠባብ የድምፅ መቅረጫ ክፍል ከፈቱ። የኳየር መዝሙር፣ የጎረቤቶቻቸውን መንዙማ፣ የደዶ ገበሬዎችን ዘፈን ሳይለዩ ቀርጸዋል። በ1981 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያናቸውን ኳየር ሶሎ ዘማሪ ወይዘሮ ሽታዬ ሚሊዮንን አግብተው ያቤፅንና ኤልሮኢን ወለዱ።

ለስላሳ ሰው ነበሩ ብለን አንዋሽም። በድምፅ ጉዳይ ከመጡባቸው ዘመድ አያውቁም ነበር። ሁልጊዜ የሚቀርጹት በሃያ አራት ቢት፣ ማለትም በከፍተኛ የድምፅ ጥራት ነበር። ለሕዝብ የሚታደለው ቅጂ ወደ አሥራ ስድስት ቢት ሲወርድ ደካማው ድምፅ ይሰባበራል፣ ይሻክራል። ይህ እንዳይሆን ዲዘር የሚባለውን፣ ሹ የሚል ስስ ድምፅ ሆን ብለው ይጨምሩበት ነበር፤ ያን ጊዜ ደካማው ድምፅ ሳይቆራረጥ ቀስ ብሎ ያልቃል።

በ2013 ዓ.ም. ወይዘሮ ሽታዬ ታመው ሳለ ለኳየሩ አልበም አንድ መዝሙር ዘመሩ፤ አቶ አሞጽም ቀረጹት። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ጉልበት ከድቷቸው ትንፋሽ ብቻ ቀረ። እርሳቸው ካረፉ በኋላ የኳየሩ ኮሚቴ ሹ የሚለው ያሳፍራልና ዲዘሩ ይውጣ፣ ስንኙም ይቆረጥ አለ። አቶ አሞጽ እምቢ አሉ። ሽማግሌ ቢላክባቸው በአክብሮት አስተናግደው ባዶ እጁን ሸኙት። ከአገልግሎት ይታገዳሉ ሲባሉ የመለሱት ይህን ብቻ ነው፦

«ሽታዬ እስከ መጨረሻው ዘምራለች። እኔ መሐል ላይ አላስቆማትም።»

ታገዱ። መዝሙሩም ከአልበሙ ወጣ። እርሳቸው ግን በፍላሽ እየገለበጡ ለጠየቃቸው ሁሉ ሰጡ፤ ደዶ ድረስ ተሰማ። ደስ ብሎናል፤ ዛሬም ደስ ይለናል።

በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል በተኙ ጊዜ ኮሚቴው የተቆረጠውን ቅጂ ከፈቀዱ ኳየሩ በቀብራቸው እንደሚዘምር ላከባቸው። ልጃቸው ያቤፅም ለሰላም ሲል ለመናቸው። «ሙሉውን ካላሰማችሁ ምንም አታሰሙ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ዐረፉ። ሁለት ልጆችና አንዲት የልጅ ልጅ ሶሲን ትተዋል።

የደካማን ትንፋሽ የማይንቅ ጌታ ነፍሳቸውን በዕረፍቱ ይቀበል፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን። ኳየሩ አልመጣም። ይህ ንባብ እንዳለቀ መዝሙሩ ሙሉውን ይሰማል። መጨረሻ ላይ ሹ የሚለው ብቻ የቀረ ሲመስላችሁ ማንም እንዳያጠፋው፤ ወይዘሮ ሽታዬ ገና እየዘመሩ ነው።