ቢጫዋ ካያክና አያ የሻው

ጥር 14

ጥምቀትም አለፈ። እዚህ ጎንደር ቀሐ ጸጥ ብሏል፤ መንገዱ ላይ የሸንኮራ ልጣጭ ብቻ ቀርቷል። ዘንድሮም እንግዳ የለም። ከአስጎብኚ ድርጅቱ ትናንት ደውለው "ለፋሲካ እናያለን፣ ህሩይ" አሉኝ። አምናም ለፋሲካ እናያለን ብለው ነበር...

ባለቤቴ ናዝራዊት መድኃኒት ቤት ሥራዋ ገባች። እኔ ሽንኩርት ከተፍኩ። አባቴ በረንዳው ላይ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ሰው ሳስጎበኝ ኖሬ አሁን የማየው አጥር ነው።

ጥር 22

ጎርጎራ ወረድኩ። ድሮ እንግዳ የማሳድርበት ሎጅ ጭራሹን ሊዘጋ ነው። ባለቤቱ ፍራሽና ወንበር እያስጫነ አገኘሁት። መጋዘኑ ጥግ እንግዶች ይቀዝፉባት የነበረችው ቢጫዋ ካያክ በአቧራ ተሸፍና ተቀምጣለች።

"ይቺንስ የት ታደርጋታለህ?"

"ማን ይፈልጋታል? ውሰዳት። ውጭ ከተጣለች ፀሐይ ትሰነጥቃታለች።"

ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። ወሰድኳት። ከዚያ በኋላ ነው ምክንያቱ የመጣልኝ... ጣና አለ፣ ዓሣ አለ፣ ጾም እየመጣ ነው፣ ዓሣ ይፈለጋል። ለምን አላጠምድም?

ግድግዳው ላይ ውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሁለት ላይፍ ጃኬት ተሰቅሏል። አንዱ ልኬ ነው። ሌላውን አይጥ ጎኑን በልታዋለች፣ አንድ ማሰሪያውም ተበጥሷል። ተውኩት። ለአንድ ሰው አንድ ይበቃል።

ጥር 25

ናዝራዊት ጀልባዋን ግቢ ውስጥ አይታ ዞረቻት።

"ይቺ ገንዳ ናት ወይስ ጀልባ?"

"ጀልባ ናት። ካያክ ይባላል። አንድ ሰው ላዩዋ ላይ ተቀምጦ ይቀዝፋል።"

"ዋና ትችላለህ?"

"ጃኬት አለኝ።"

"እሱን አልጠየቅኩህም።"

ሦስት ቀን ሙሉ ስልኬ ላይ ቪዲዮ ሳይ ዋልኩ። ሁሉም ስለ ዕቃ ነው የሚያወራው። መቅዘፊያው ከቁመትህ ይበልጣል፣ መቀመጫው ጀርባህን ይደግፋል፣ ክሩ እንደ ዓሣው ክብደት ይመረጣል፣ ስልክህ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ይገባል... የኔ መቅዘፊያ አንድ ጆሮው ተሰንጥቋል፤ በሽቦ አሰርኩት። ከታች የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አለ፣ ውታፉ ጠፍቷል። ከወይራ ጠርቤ ላስቲክ ጠቀለልኩበት። ለክሩ ማጥለቂያ ጎማ ቤት ሄጄ የማመጣጠኛ እርሳስ ብረት ለመንኩ። ረጅም ቦቲ ጫማም ገዛሁ። ቪዲዮው ላይ ሁሉም ተጫምተዋል።

ደስ ብሎኝ ነበር ዛሬ። ዕቃ ሲሟላ ሰውም የተሟላ ይመስለዋል።

የካቲት 3

መጀመሪያ ቀን። ከገባሁ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተገለበጥኩ። ውኃው ወገቤ ድረስ ብቻ ነው፤ ግን ቦቲው ሞልቶ እግሬን ማንሣት አቃተኝ። እንደ ጥጃ ተንደፋደፍኩ።

አንድ ሽማግሌ ከደንገል ሣር በታሰረ ታንኳ መጥተው በጃኬቴ ማንጠልጠያ ይዘው አቆሙኝ።

"ምነው ልጄ፣ በጫማ ነው እንዴ ውኃ የሚገባ?"

አያ የሻው ይባላሉ። ስድሳ አልፏቸዋል። ታንኳቸውን ራሳቸው ነው የሚያስሩት። ቦቲዬን አወለቁና ዳር ወረወሩት። ከዚያ ካያኳን በጉልበታቸው ጫን ጫን አድርገው አዩዋት።

"ሸጋ ናት። አትሰጥምም። አንተ ነህ የምትሰጥም።"

የካቲት 10

ዐቢይ ጾም ገባ። አባቴ ዛሬ ነው የተናገሩት። እስካሁን ዝም ብለው ያዩኝ ነበር።

"ዓሣ ነው የምታጠምደው?"

"አዎ አባቴ።"

"በጾም?"

"እኔ አልበላውም። ለሚበላ ነው።"

ቆዩ። አርባ ዓመት አቋቋም ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ሲቆዩ ያስፈራሉ። "መልካም" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ቤት ብቻ አይግባ።"

ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ምን ልሥራ ታዲያ? ቢጠይቁኝ ምን እመልሳለሁ? እሳቸውም መልሱን ስለማያውቁት ነው ያልጠየቁት።

የካቲት 24

ሦስተኛ ሳምንቴ። ሰኞ ወርጄ ሐሙስ እመለሳለሁ፤ አያ የሻው ቤት አድራለሁ። ባለቤታቸው እትዬ አባይነሽ መደብ ላይ ቁርበት ታነጥፍልኛለች።

ከቪዲዮው የተማርኩትን አያ የሻው አንድ በአንድ አስጣሉኝ። ትልልቆቹን መንጠቆዎች አይተው "በሬ ነው የምትይዝ?" አሉ። ትንንሾቹ ቀሩ። የሚያብለጨልጨው የፕላስቲክ ዓሣም ቀረ፤ ትል ይሻላል። እንደ መልሕቅ የሠራሁትን ብረት አውጥተው ድንጋይ በገመድ አሰሩልኝ... ገመዱ ደግሞ በአንድ ጉተታ የሚፈታ መሆን አለበት። እንደዚህ፣ እንደዚህ። አሥር ጊዜ አስፈቱኝ።

ጃኬቱን ብቻ አልነኩትም። "እሱን አታውልቅ" አሉ።

አንዲት አምባዛ ያዝኩ። ጢሟን እያወዛወዘች ታየኛለች። አያ የሻው ያን ጊዜ ወደ ሠላሳ ቆሮሶ ዓሣ ይዘዋል። ሳቁ።

መጋቢት 8

ውኃው ላይ እኔ ምንም አይደለሁም። ዛሬ ገባኝ። እንቦጩ ሌሊት በነፋስ ተገፍቶ መጥቶ መውጫውን ዘጋው። አንድ ሰዓት ሙሉ አረንጓዴ ነገር ስቀዝፍ ቆየሁ፣ ንቅንቅ የለም። አያ የሻው በረጅም ዘንጋቸው እየገፉ መንገድ ከፈቱልኝ።

ማታ እትዬ አባይነሽ "ምን አስጨነቀህ፣ የከተማ ሰው?" አለችኝ።

"ቤቴ ባዶ እጄን መግባት ሰለቸኝ።"

አያ የሻው እሳቱን እየቆሰቆሱ "አንድ ነገር ብቻ ያዝ" አሉ። "ፀሐይ አናትህ ላይ ሳትደርስ ትወጣለህ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ነው። ነፋስ ዕቃህን አያይም።"

መጋቢት 17

አያ የሻው አልተገኙም። መጻፍ አልችልም።

መጋቢት 18

ጠዋት አገኟቸው። እንቦጩ ውስጥ፣ ከዳር ብዙም ሳይርቁ። መረባቸው ግራ እግራቸው ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ከሰዓት በኋላ ተቀበሩ።

እንዴት እንደሆነ ልጻፍ። ትናንት ከጎንደር ስመጣ መንገድ ላይ ቆምን፤ ፍተሻ ነበር። ጎርጎራ ስደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። አያ የሻው መረባቸውን ዳር ላይ ይጠግናሉ።

"እገባለሁ" አልኩ።

"ሰዓቱ አልፏል።"

"ለአንድ ሰዓት ብቻ። ባለፈው ሳምንትም ባዶዬን ነው የገባሁት።"

ሰማዩን አዩ። ደቡቡ ጠቁሯል። "ብቻህንማ አትገባም" አሉና ታንኳቸውን ገፉ።

ነፋሱ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ተነሣ። ማዕበሉ ሲመጣ በመካከላችን ሠላሳ ሜትር ቢሆን ነው። ታንኳቸው ውኃ ጠጥታ ከብዳለች፤ አንድ ጎኗ ሰጠመ፣ እሳቸውም ወደቁ። ወደ እሳቸው ቀዘፍኩ። ነፋሱ እንቢ አለኝ። ቀዘፍኩ፣ ገፋኝ። ቀዘፍኩ፣ ገፋኝ... መድረስ አልተቻለኝም።

ለሰው ሁሉ የነገርኩት ይህንኑ ነው።

መጋቢት 21

ሰው ቤታችን ይመጣል፣ ያጽናናኛል። "እንኳንም አንተ ተረፍህ" ይላሉ። "ከነፋስ ጋር ማን ይታገላል" ይላሉ። አባቴ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው አባታችን ሆይ ደገሙ። እጃቸው ከበደኝ።

ናዝራዊት ጃኬቱን አጥባ ገመድ ላይ አስጥታዋለች። "እግዜር ይስጠው፣ ይሄ ነው ያወጣህ" አለች።

ሌላኛው ጃኬትስ? ግድግዳው ላይ የተውኩት... በመርፌ ይሰፋ ነበር እኮ። ናዝራዊት በአንድ ቀን ትሰፋው ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ስለ መንጠቆ ሳስብ፣ አጠገቤ ያለ ሰው ምን ለብሶ እንደሚገባ አንድ ቀን አላሰብኩም።

ሚያዝያ 5

ፋሲካ አለፈ። ድርጅቱ አልደወለም። ብትደውሉም አልመጣም ልላቸው ነበር፤ እሱም ቀረ።

አባቴ ቅዳሴ ሲሄዱ አብሬ እሄዳለሁ። ከበር አላልፍም።

"ምነው አትገባም?" አሉኝ።

"ራሴን ያመኛል።"

ሁለተኛ አልጠየቁኝም።

ሚያዝያ 13

እዚህም ዋሽቻለሁ። እኔ ብቻ በማነበው ደብተር ላይ። መጋቢት 18 የጻፍኩትን ዛሬ አነበብኩት፤ "ቀዘፍኩ፣ ገፋኝ" ይላል። ሸጋ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

አልቀዘፍኩም።

መቅዘፊያው ጉልበቴ ላይ ነበር። ሁለቱ እጆቼ የካያኳን ጠርዝ ይዘዋል። ታንኳዋ ስትሰጥም አይቻለሁ። አያ የሻው ራሳቸውን አውጥተው አዩኝ። "ህሩይ!" አሉ። ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም፤ "የመሪጌታ ልጅ" ነበር የሚሉኝ። ሦስት ጊዜ ጠሩኝ። ሁለተኛው ላይ "ገመድ" አሉ። ገመድ ነበረኝ። ራሳቸው ያሰሩልኝ፣ በአንድ ጉተታ የሚፈታው። ሦስተኛው ላይ በሆዴ ተኛሁና ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ ማንም አልነበረም። ነፋሱ እኔን ወደ ዳር ወሰደኝ። ያወጣኝ እንኳ እኔ አይደለሁም።

ብቀዝፍስ እደርስ ነበር? አላውቅም። ላልደርስም እችል ነበር። ቁም ነገሩ እሱ አይደለም። አቃተኝ ወይስ ፈራሁ? ቢያቅተኝማ እጄ መቅዘፊያው ላይ ይገኝ ነበር።

ሚያዝያ 17

ለንስሐ አባቴ ልነግራቸው ሄድኩ። ገና "አባ" ስል "ስለዚያ ሰውዬ ራስህን አታስጨንቅ፣ ሁሉም የፈጣሪ ፈቃድ ነው" አሉኝ። እሺ ብዬ መስቀል ተሳልሜ ተመለስኩ።

ናዝራዊት ሌሊት እንደማልተኛ ታውቃለች። ከመድኃኒት ቤቱ የእንቅልፍ መድኃኒት አመጣችልኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። "እንደው ውኃ ስጪኝ" አልኳት።

ሚያዝያ 22

ከጎርጎራ ሰው መጣ። እትዬ አባይነሽ ልካ ነው። አርባው ሚያዝያ 26 ነው፤ "ህሩይ እንዳይቀር" ብላለች።

አልሄድም።

አባቴ ሰምተው "እኔም እሄዳለሁ" አሉ። ዓሣ ቤታቸው እንዳይገባ ያሉ ሰው... "ልጄን ያስተማረ ነው" አሉ።

ሚያዝያ 26

ሄድኩ።

ድንኳን ተጥሏል። ካህናቱ በአንድ ወገን፣ የጎርጎራ ዓሣ አጥማጆች በሌላ ወገን። አባቴን ከካህናቱ ጋር አስቀመጧቸው። እኔ መግቢያው ላይ ቆምኩ። አጥማጆቹ ተነሥተው ቦታ ለቀቁልኝ። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። መሬት ብትከፈት ምን አለበት?

እትዬ አባይነሽ ጥቁር ለብሳለች። ከስታለች። በዓይኗ ጠርታ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። የገብሱ ጎተራ ጥላ ሥር ተቀመጥን።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የጠራሁህ" አለች። "ሰው ሁሉ ስለ ነፋሱ ይነግረኛል። ስለሱ የሚነግረኝ አጣሁ። አብረኸው ነበርህ። መጨረሻ ላይ ምን አለ?"

ምንም አላሉም ልላት እችል ነበር። ጸሎት አደረጉ ብላት ደግሞ ደስ ይላት ነበር። አርባ ቀን ሙሉ የምትጠብቀው እሱን ሳይሆን አይቀርም። አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

"ስሜን ጠሩ" አልኩ። "ሦስት ጊዜ። ገመድ ጣልልኝ አሉ።"

"አንተስ?"

"አልጣልኩም። አልቀዘፍኩም። ፈርቼ ተኛሁ፣ እትዬ። ዓይኔን ጨፍኜ ተኛሁ።"

አላለቀሰችም። ከድንኳኑ የሰው ድምፅ ይሰማል። አንድ ዶሮ በመካከላችን አለፈች።

"ሦስት ጊዜ" አለች።

"አዎ።"

"እኔን አልጠራም?"

ራሴን ነቀነቅኩ። አልጠሯትም።

ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርኩ፤ እጇን አነሣች፤ በቃ ለማለት። ሰድባኝ ቢሆን፣ በድንጋይ መትታኝ ቢሆን... ምንም። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

"ለልጆቼ እንዳትነግር" አለች። "ወንዶች ናቸው። ሌላ ደም አልፈልግም። እኔ ዐወቅሁ፤ ይበቃል።"

"እትዬ..."

"ግባና ብላ። ካልበላህ ሰው ይጠይቃል።"

ገባሁ። ከአጥማጆቹ መሐል አስቀመጡኝ። እትዬ አባይነሽ ራሷ ወጡን ይዛ መጣች፤ ከሁሉ አስቀድማ ለኔ ጨለፈችልኝ። ከወዲያ በኩል አባቴ ያዩኛል።

በላሁ።