መሬት ያያል ስላሉት መሣሪያ ለቀድሞው ሊቀመንበራችን

ለተከበሩ ጓድ ተድላ፣
የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ለነበሩት፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ሥልጣንዎ ድንገት እንዳይከዳዎት እመኛለሁ። እኔ የኦልጅራ እኅት ድንቅቱ ነኝ፤ ከደንዲ ሐይቅ በታች ያለነው።

አንደኛ፣ በ፲፱፻፸፱ ዓ.ም. የውሃ ጉድጓድ ሊቆፈርልን አጥኚዎች በመጡ ጊዜ በስብሰባ ላይ ስለ ሰጡን ጥልቅ ማብራሪያ አመሰግናለሁ። «ይህ መሣሪያ መሬቱን እንደ መስታወት ያሳያል፤ የተቀበረ ጠመንጃም ሆነ የተሸሸገ ሰው አያመልጠውም» ሲሉን፣ የተማሩት ባለሙያዎች እንኳ አፋቸውን ከፍተው ሰሙዎት። እኔ ግን ስብሰባው እንዳለቀ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ወንድሜ ኦልጅራ ከብሔራዊ ውትድርና ሸሽቶ በጓሯችን የእህል ጉድጓድ ውስጥ ነበርና። እንዳይወጣ ደግሞ ታጣቂዎችዎ መንገዱን ይዘውት ነበር።

ሁለተኛ፣ የመሣሪያው ሽቦ በእኛው ጓሮ እንዲያልፍ በማዘዝዎ ስላሳዩን ልዩ ትኩረት ምስጋናዬ ከልብ ነው። በጉድጓዱ አፍ ላይ ቁርበት ዘርግቼ ስንዴ አሰጣሁ፤ ራሴም ተቀመጥኩበት። ባለሙያዎቹ የብረት ካስማ እየተከሉ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲለቁ፣ ወንድሜ ከመታየቱ በፊት ተቃጥሎ የሚያልቅ መሰለኝ። እርስዎም መንቀጥቀጤን አይተው በደግነት «ምን ያስፈራሻል?» ብለው ጠየቁኝ። «ኤሌክትሪኩ» አልኩ። እውነቴን ነበር።

የመሣሪያው መርፌ ዘለለ። የባለሙያዎቹ አለቃ አቶ ሥዩም ደግመው ለኩ፤ አሁንም ዘለለ። አንገትዎን አስግገው «ምን አለ?» አሏቸው። እሳቸው የተሰጣውን ስንዴ አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩ። በልቤ «ያ ዋቃ!» ብዬ አምላኬን ጠራሁ።

«ደረቅ አለት ነው፤ ውሃ የለውም። ሽቦውን ጠቅልሉ» አሉ።

ኋላ እንደተረዳሁት፣ ያ መሣሪያ የሚናገረው መሬቱ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ አለማሳለፉን ብቻ ነው፤ ባዶ ጉድጓድና ደረቅ አለት ለእሱ አንድ ናቸው። አቶ ሥዩም ያን ያሉት ከታች ሰው መኖሩን አውቀው ይሁን ሳያውቁ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ሦስተኛ፣ ያን ዕለት ሲመሽ ወንድሜን ሳወጣው፣ ድምፅዎን ከላይ ሰምቶ እንዳያስል አፉን በጨርቅ ጠቅጥቆ ነበር፤ ጨርቁን አወጣሁለት። ታጣቂዎችዎ መንገዱን ሲለቁ ወደ ካቺሲ ሸሸ። ዘንድሮ በሕይወት ተመልሷል፤ ግን በር ተዘግቶ መተኛት ስለማይችል ደጅ ያድራል። በእርስዎ ቸርነት ቤታችን ዘበኛ አገኘ።

በሕልሟ «ተነሽ!» ሲሏት ዛሬም የምትነሳልዎት፣
አክባሪዎ ድንቅቱ ፈዬራ
ደንዲ፣ ሐምሌ ፲፱፻፹፫ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ጎረቤታችን አዴ ጉዴ መጻፍ ስለማይችሉ በእኔ በኩል ይለምኑዎታል። ልጃቸውን ቀነዓን ከቤት ጠርተው የወሰዱት እርስዎ ነበሩ፤ እናቱ ሬሳውን እንኳ አላገኙም። ያንን መሣሪያ ያስመጡልኝ ይላሉ። መሣሪያው ሰው እንደማያይ ነግሬአቸዋለሁ። እርስዎ ግን ያለ መሣሪያ ቦታውን ያውቁታልና፣ እባክዎ ይንገሯቸው።