ክንድ የማያሻው ቁልቁለት

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

ይህ ደብዳቤ በደህና እንዲያገኝሽ እመኛለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? በስልክ ስጠይቅሽ «እሱማ ከኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል» እያልሽ በሳቅ ታልፊኛለሽ፤ ስለዚህ በጽሑፍ እጠይቅሻለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራዬም ደህና ነው። በስልክ ያልነገርሁሽ ግን አለኝ። በስልክ ድምፄን ትሰሚያለሽ፤ ከድምፄ ደግሞ የሚያመልጥሽ ነገር የለም።

ጉዳዩ የጉዞአችን ነው። ባሕር ላሳይሽ ቃል በገባሁ ጊዜ ሁለት ከተሞች መርጬ ሥዕላቸውን እንዳመጣሁልሽ ታስታውሻለሽ። ሁለቱም ወደቦች፣ ሁለቱም ኮረብታ ላይ የተሠሩ። አንደኛዋን ደረጃዋ ስለበዛ «መሰላሊት»፣ ሁለተኛዋን ሽቅብና ቁልቁል በገመድ በሚጎተተው ባቡሯ «ገመዲት» ብለሽ ስም አወጣሽላቸው። አክስቴ ደግሞ ሥዕሎቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ፣ «ባሕሩ ያለው ታች ነው፤ እናንተ ተራራ ላይ ምን ልትሠሩ ነው? እዚሁ ዳገቱን ወጥታችሁ ባልዲ ውኃ አታዩም?» አለች።

እኔ እንደ ልማዴ ካርታ ዘረጋሁ። መሰላሊት ትሻላለች ብዬ ምክንያቶቼን በቅደም ተከተል አስረዳሁሽ፦ ማረፊያችን ከኮረብታው አጋማሽ ላይ ስለሆነ የሚወጣው ዳገት አጭር ነው፤ በየደረጃው መታጠፊያ መቀመጫ አለ። አንቺ የደንበኛ ልብስ እየቀነበብሽ፣ መርፌ ቁልፍ በከንፈርሽ ይዘሽ አዳመጥሽኝ። ከዚያ መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አውጥተሽ፣ «ልጄ፣ ዳገት ማን ፈራ? እያረፍኩ እወጣዋለሁ። ይሄ ጉልበት የሚከዳኝ ስወርድ ነው እኮ» አልሽኝ።

ወደ ካርታዬ ጎንበስ አልሁ። በእኛ በካርታ ሠሪዎች ሙያ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዝ ቀጭን መስመር አለ፤ መስመሮቹ ሲጠጋጉ መሬቱ ገደላማ እንደሆነ እናውቃለን። ሰውየው እየወጣ ይሁን እየወረደ ግን መስመሩ አይናገርም። እኔም ይህን መስመር ስስል ኖሬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

አንቺ ግን ማፈሬን አይተሽ አላስጨነቅሽኝም። «ግድ የለም፤ አንቺ አለሽልኝ አይደል? ክንድሽን ይዤ እወርዳለሁ። መሰላሊት ትሁን» ብለሽ መርፌ ቁልፎቹን ወደ ከንፈርሽ መለስሽ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ካርታ በዘረጋሁ ቁጥር የምሰማው ይህንን ነው።

እማዬ፣ ንጽጽሬ ንጹሕ አልነበረም። መሰላሊት ውስጥ ከወደቡ በላይ የባሕር ካርታ የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት አለ። ሰዎቹ ለሥራ ፈልገውኝ ሁለት ጊዜ ጽፈውልኛል፤ እኔም መልሻለሁ። ለአንቺ የመረጥሁት ማረፊያ ከዚያ መሥሪያ ቤት ጀርባ ነው። ያንቺን ጉልበት ምክንያት አድርጌ የራሴን መንገድ ጠረግሁ። ይህን ሳልጽፈው ብቀር ፊትሽን ቀና ብዬ የማየው አይመስለኝም።

ስለዚህ ለውጬዋለሁ፤ የምንሄደው ገመዲት ነው። የባቡሩ መሳፈሪያ ከማረፊያችን በር ፊት ለፊት ነው፤ የሚያወርደውም እስከ ባሕሩ ዳር። አረጋውያን ሳይቀመጡ አይንቀሳቀስም ብለውኛል። በዚያች ከተማ ለመውረድ የማንንም ክንድ መያዝ የለብሽም። ይህን አጥብቄ አጣራሁ፤ ለምን እንዳጠበቅሁት አትጠይቂኝ። ከገመዲት ወደ መሰላሊት መርከብ እንዳለም በዚያው አወቅሁ።

የመመለሻ ትኬትሽን ለብቻው በትንሿ ፖስታ አድርጌዋለሁ። ቦታሽ መስኮት አጠገብ ነው። ከጎንሽ ማን እንደሚቀመጥ አላውቅም፤ ማንም ይሁን፣ ሻንጣዬን አውርድልኝ ለማለት አትፈሪ። አውሮፕላን ማረፊያ አክስቴ ትቀበልሻለች፤ ቀኑን ነግሬአታለሁ። ከቀኑ በቀር የነገርኋት የለም። «አብራሽ ልጅሽ አለች፣ እኔ ለምን እቀበላለሁ?» ብላ ብትጠይቅሽ የመሰለሽን መልሽላት፤ እኔ መልስ አላገኘሁላትም።

ጉዞውን ራሱን ካልፈለግሽው ንገሪኝ፤ ትኬት ይሰረዛል። ሌላው፣ ለሰዎቹ የጻፍሁት፣ ስለ መሰረዙ ግን እርግጠኛ አይደለሁም፤ እርግጠኛ ባልሆንሁበት ቃል ከመግባት መቆጠብን ደግሞ አሁን ተምሬአለሁ።

የመጀመሪያውን ቀን አብረን እንውረድ። ባያስፈልግሽም ክንዴን ያዢኝ።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ዓይንሽ መርፌ ከመሰካት አይድከም፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። መንገድሽን፣ ይልቁንም የመመለሻውን፣ ፈጣሪ ያቅናልሽ።

ለመንገዱ ስስ ቀሚስ ልስፋልሽ ብለሽኝ ነበር። ቀሚስስ አለኝ። ጊዜ ካገኘሽ ግን ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁትን ከባድ ካፖርቴን ገበሩን ጠግኚልኝ። በሙቀት ወር ካፖርት ምን ያደርግልሻል አትበይኝ። ክሩ ብቻ ጠንካራ ይሁን።

ልጅሽ