እማዬ ከአቃቂ አትሄድም

እትዬ፣ ሥራ አገኘሁ! እማዬን አልልካትም፤ ጓዟን ፈትቼዋለሁ! ሰላምታ ሳይቀድም ወሬ መዘርገፍ ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ግን ሰላምታውን እስክጨርስ ልቤ ፈንድቶ ብሞት ማን ይነግርሻል?

እንግዲህ ይኸውልሽ ሰላምታው። ውድ እኅቴ አቻምየለሽ፣ የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ጋሽ ቀናውስ፣ ባቡር ሲጠግን የተመታው እጁ ዳነለት? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ደህና ነን። ወግ ስለሆነ የምለው አይደለም፤ ዛሬ እውነቴን ነው።

ከፋብሪካው የተቀነስኩ ጊዜ ‘ወር ሳይሞላኝ ሌላ እይዛለሁ’ ብዬሽ አልነበር? ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። ከአቃቂ እስከ ቃሊቲ ያልቆምኩበት የፋብሪካ በር የለም። ዘበኞቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ‘የለም፣ የለም’ ብለው እጃቸውን ያወዛውዙልኝ ጀመር። የጠዋቱ ጡሩምባ ሲጮህ እንደ ልማዴ ከአልጋ ዘልዬ እነሣና፣ መሄጃ ሳጣ ተመልሼ ቁጭ እላለሁ። እማዬ እያየችኝ እንዳላየች ሆና ፊቷን ወደ ግድግዳ ትመልሳለች። ኋላማ ምሳዋን ‘ጠግቤያለሁ’ እያለች ወደ ያለምወርቅ መግፋት ጀመረች። ልጄ ትማር ወይስ እናቴ ትብላ? ይኼኔ ነው ‘እማዬን ተቀበዪኝ’ ብዬ የጻፍኩልሽ። አንቺም ሳትውዪ ሳታድሪ ‘በባቡር ላኪያት’ አልሽ፤ እግዜር ይስጥሽ።

መልስሽን ሳነብላት ግን ጓዟን ራሷ ቋጠረችና ‘አባትሽን ልሰናበተው፣ ውሰጂኝ’ አለችኝ። መቃብሩ ላይ እጇን ጭና ‘እንግዲህ ሌላ አገር ልቀበር ነው፣ እንዳትቀየመኝ’ ስትለው ሰማኋት። እትዬ፣ ያን ቀን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ምክሩን ያመጣው ጎረቤታችን ጋሽ አያና ነው። ‘አንቺ ሞኝ፣ ባለፋብሪካ በሩ ላይ አይገኝም፣ ዘበኛ አለዋ! ኤግዚቢሽን ማዕከል የጨርቃ ጨርቅ ትርዒት ተከፍቷል፤ እዚያ ባለቤቶቹ ራሳቸው ቆመው ይግቡ፣ ይግቡ ይላሉ’ አለኝ። የያለምወርቅን ጫማ ተውሼ ሄድኩ። ስንቱን ልንገርሽ! ሽመና ክፍል የኖረ ሰው ቀስ ብሎ መናገር የት ያውቃል? መጀመሪያ የቆምኩበት መደብር ‘ሸማኔ ነኝ፣ ሥራ እፈልጋለሁ’ ብል አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሻጯ ልጅ ‘እማማ፣ ምን አደረግንዎ?’ ብላ ጥበቃ ጠራች። ለጠብ የመጣሁ መስሏት! ከዚያ በኋላ አፍሬ ድምፄን ብቀንስ ደግሞ የሚሰማኝ ጠፋ። አንዱ ‘ፎጣ ነው የፈለጉት?’ ይለኛል፤ ሌላው ከረሜላ ዘግኖ ይሰጠኛል። ሥራ ፍለጋ ወጥቼ ከረሜላ ይዤ ገባሁ። በማግስቱም እንደዚያው። የመጨረሻውን ቀን ባልሄድ በወደድኩ፤ ግን የእማዬን ቋጠሮ በር ሥር እያየሁ ቤት መዋል አልቻልኩም።

ያን ቀን ደግሞ ዘፈኑን በድምፅ ማጉያ ለቀውት ጆሮ ይበሳል። ተስፋ ቆርጬ ወደ መውጫው ሳመራ፣ ከአዳራሹ ማዶ አንዲት ሴት ክንዷን ታወናጭፋለች። ዳሲቱ! ያቺ አጠገቤ ማሽን ላይ የነበረችው፣ ከእኔ ቀድማ የተቀነሰችው። ብርድ ልብስ ሻጭ ሆና ተቀጥራለች። መቼም ታውቂናለሽ፣ እኛ በማሽን ጩኸት መሀል የምናወራው በከንፈርና በእጅ ነው። እንደ ድሮው ያለ ድምፅ ‘ሥራ ያዝሽ?’ አለችኝ። ‘ምንም። እናቴን ልሸኛት ነው፣ ማብላት አቃተኝ’ አልኳት። ዐይኗ እንባ ሞላ። ‘አትውጪ! ይኼ ከጎኔ ያለው ሰውዬ ቃሊቲ አዲስ የሽመና ፋብሪካ ከፍቷል፣ ሰው ይፈልጋል’ አለች። አየሁት። ‘ይኼ በከረባቱ ታንቆ የሚያልበው ወፍራሙ? እሱ እንኳን ሸማኔ፣ ከወንበር የሚያነሣውም ሰው ያስፈልገዋል’ አልኳታ! በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል የእኛን ወሬ ማን ይሰማል ብዬ። ዳሲቱ በሳቅ ስትንፈራፈር፣ ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና በከንፈሩ ብቻ፣ ጥርት አድርጎ፣ ‘ነይና አንቺው አንሺኝ’ አለኝ።

ለካ ሰውየው፣ አቶ ኩምሳ፣ የወጣትነት ዕድሜያቸውን የጨረሱት የሽመና ማሽን ሲጠግኑ ነው! ወሬያችንን በሙሉ፣ የእማዬንም ጭምር፣ አይተውታል። ይቅርታ ልጠይቅ ብቀርብ ‘ተዪው፣ ከረባቱን ሚስቴ ናት ያሰረችብኝ’ አሉኝ። የቀጠሯቸው ልጆች በጩኸቱ እየደነገጡ፣ እርስ በርስ ሳይግባቡ ይሸሹባቸዋል አሉ። ‘አብረሻቸው እየሠራሽ በእጅ ማውራቱን አስለምጂልኝ፤ ሰኔ ሰባት ሰኞ ግቢ’ አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ‘እናትሽንም አትሸኚ’ ሲሉኝ፣ እዚያው ብርድ ልብሱ መሀል ተቀምጬ አለቀስኩ።

እማዬ ስነግራት አላመነችኝም፤ ‘ደግሞ ሰው ሰድባ ሥራ የምታገኝ የት አለች?’ አለች። ቋጠሮዋን ስፈታው ግን አልከለከለችኝም። እራቷን ጨርሳ ‘ጨምሪልኝ’ አለች፣ እትዬ! አልጋ ዘርግተሽ ስለጠበቅሻት አትቀየሚኝ።

ጋሽ ቀናውን እጅ ነሥቻለሁ በዪልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። እማዬ ‘ጉልበቷን ትሸፍን፣ ንፋስ አይግባት’ ብላሻለች፤ በሙቀት አገር የምን ንፋስ እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ያለምወርቅ ጫማዋን አስመልሳ ሰላም ብላሻለች። ጋሽ አያናም ‘ሥራ ያስያዝኳት እኔ ነኝ’ እያለ ሰፈሩን ሲያዳርስ ውሎ፣ ለእናንተም ሰላምታውን ልኳል።

እኅትሽ ፈለቀች
አቃቂ በሰቃ፣ ግንቦት 26 ቀን 1991 ዓ.ም.

ደብዳቤውን ልዘጋ ስል እማዬ ‘የድግሱን ቀን ጽፈሽላታል?’ አለችኝ። ሙቀት ነው፣ ሥራ ነው፣ ጉልበት ነው አትበሉኝ፤ ጠላው ተጠንስሷል። ቅዳሜ ሰኔ 12 ቀን፣ የሚካኤል ለት፣ ሁላችሁም አቃቂ!