የረጅሟ ዓይን

ጥቅምት 3
ሊጉ ተጀመረ። አንድ ለባዶ አሸነፍን። እኔ እንደ አምናው ተቀምጬ ነው ያየሁት። ተጠባባቂ በረኛ ማለት እንደ ተጫዋች ለብሶ እንደ ተመልካች የሚቀመጥ ሰው ነው።
እማዬ ደወለች። "ተጫወትሽ?"
"አሸነፍን።"
"እሱንማ ሰማሁ። ተጫወትሽ ወይ ነው ያልኩሽ።"

ጥቅምት 19
ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ሁለቱም ጎሎች ከሩቅ የተመቱ። ዋናዋ በረኛችን፣ ረጅሟ የምንላት፣ የዘለለችው ኳሱ መረብ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። አሠልጣኟን "ፀሐይ አስቸገረኝ" አለቻት። ሰማዩ ዳመና ነበር።

ኅዳር 8
ክለቡ በሰጠን ቤት ከረጅሟ ጋር አንድ ክፍል ነን። ዛሬ ቴሌቪዥን እያየን "ይሄ ሰውዬ ማነው?" አለችኝ። ሴትዮ ናት። ዜና አንባቢዋ። ረጅሟ ስልኳንም አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ነው የምታነበው... ይህቺ ልጅ ታያለች?

ኅዳር 9
በሩ ጋ ቆሜ ጣቶቼን አሳየኋት። "ስንት ነው?"
"አትቀልጂ" ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።
አታይም።

ኅዳር 22
ሦስት ለባዶ ተሸነፍን። ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆነናል። ከሊጉ ከወረድን ክለቡ የሴቶቹን ቡድን ይዘጋዋል፣ በግልጽ ተነግሮናል።
ለአሠልጣኟ ልንገራት? ብነግራት ቦታው የኔ ነው። አፌ የማይከፈተውም ለዚሁ ነው። "ቅናት ነው" ይላሉ። ውሸት ይሆናል? ግማሹ።

ታኅሣሥ 2
ከተቀመጥኩበት መጮህ ጀመርኩ። "ግራሽን! ልትመታ ነው! ውጪ!" ረጅሟ በድምፄ ትዘላለች። ባዶ ለባዶ ወጣን። አሠልጣኟ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ "የቡድን ስሜትሽ ደስ ይላል" አለችኝ። ላመሰግናት ነበር፣ ከጩኸቱ ብዛት ድምፄ ተዘግቷል።

ታኅሣሥ 16
ተመልካቹ በዛ፣ ድምፄ አልደረሰም። አራት ገባብን። ክፍላችን ስንገባ ፊት ለፊት ነገርኳት።
"ዓይንሽን ታከሚ።"
"ቦታዬን ፈልገሽ ነው።"
"እሱንማ ድሮም እፈልገዋለሁ። ዓይንሽን ግን ታከሚ።"
"መነጽር ያደረገች በረኛ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለች። ድምፅዋ ተሰባበረ። እኔ ካልሲዬን አጠፍኩ።

ታኅሣሥ 20
ዓይን ሐኪም ዘንድ አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሟ "ሰሌዳውን አንብቢ" ስትላት "የቱን ሰሌዳ?" አለች። ሐኪሟ ሥራዋን ጠየቀቻት።
"በረኛ ነኝ።"
ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ጣሪያውን አየሁ።
ዓይን ውስጥ የሚገባ ሌንስ ታዘዘላት።

ጥር 11
ረጅሟ ታያለች። ፍጹም ቅጣት ምት አዳነች፣ ከሩቅ የመጣውንም በአንድ እጇ ገፋችው። አልጮህኩም፣ አላስፈለገም። ደስ አለኝ? አዎ። ግን ቦታውን በገዛ እጄ ራሴ ላይ ቆለፍኩት እኮ።
ለእማዬ ነገርኳት። "አንቺ ልጅ፣ ጅል ነሽ" አለች። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ግን፣ "ጅልነትሽን አትተዪው" አለች።

መጋቢት 27
ወሩን ሙሉ ጎል አልገባብንም። ጋዜጠኛው "ምስጢሩ ምንድነው?" ብሎ ረጅሟን ጠየቃት። "ልምምድ" አለች።

ግንቦት 30
አልወረድንም! በመጨረሻው ጨዋታ፣ ሊያልቅ ሲል፣ ሦስት ለባዶ እየመራን አሠልጣኟ "ተነሺ" አለች። ማንን? ዞር አልኩ። ከኋላዬ የውሃ ጠርሙስ ብቻ ነው ያለው።
ረጅሟ ስትወጣ አቀፈችኝ። "ያቺ አሥራ አንድ ቁጥሯ ከሩቅ ትመታለች፣ ተጠንቀቂ።" ከዚያ ርቀት ቁጥሩን አንብባ!
አሥራ አንድ ቁጥሯ አልመታችም። ማንም አልመታም። አንድ ኳስ ወደ ኋላ ሰጡኝ፣ ጠለዝኩት፣ ውጪ ወጣ። ዳኛዋ ነፋች።

ሰኔ 21
ረጅሟን ሻምፒዮኖቹ ወሰዷት። ሻንጣዋን እስከ ታክሲው ተሸከምኩላት። "አንቺ ባትኖሪ..." አለች። አልጨረሰችውም። እኔም አላስጨረስኳት፣ ሁለታችንም ልናለቅስ ነበር። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ።

ሐምሌ 25
ልምምድ ጀመርን። ዋናዋ በረኛ እኔ ነኝ። አዲስ ተጠባባቂ መጥታለች፣ ክፍላችን አንድ ነው። ጨዋ ናት፣ "እትዬ" ትለኛለች። ደህና እየሄድኩ ጉልበቴን ያመኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ።
ሁለት ጊዜ።