ሰባት ሲባዛ በስምንት፣ እንደ ጽሕፈት ቤቱ ውሳኔ

ለክቡር የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን፣ እግረ መንገዱንም ጥቂት ቅሬታዎችን ይመለከታል።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ጠረጴዛዎ ላይ ተከምሮ ፊርማዎን ለሚጠባበቀው ወረቀት ሁሉ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ሰሞኑን ትንሽ አሞዎት እንደነበር ሰምቼ አዝኛለሁ፤ ሥራ አብዝተው ነው ያሉኝም አሉ፣ እኔ ግን ወሬ አላምንም። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ዕድሜዬን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሰው ክስና አቤቱታ ስገለብጥ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ስሆን፣ ሟች እህቴ አደራ ብላኝ የሄደችውን አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አሳድጋለሁ። ደብዳቤዬ ረዘም፣ ቋንቋዬም ደረቅ ያለ እንደሆነ የሥራ ልማድ ነውና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ጽሕፈት ቤትዎ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርትን ለማሻሻል ዘንድሮ የደከመውን ድካም በቅርብ ስከታተል ቆይቻለሁ። በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ያሰቀሉትን "ሒሳብና ሳይንስ ለሁሉም" የሚል ትልቅ ሸራም አይቻለሁ፤ ጥሩ ሸራ ነው፣ ዝናብ አያስገባም። ውለታ የማያውቅ ሰው እንዳልባል ምስጋናዬን በየተራው አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ቤተ ሙከራው

የተሠራልን ቤተ ሙከራ ውብ ነው። ክቡርነትዎ መጥተው ሪባኑን ሲቆርጡ እኔም ከወላጆች ጋር ቆሜ እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። ከዚያን ዕለት ወዲህ በክፍሉ ውስጥ ሥራ ላይ የዋለ መሣሪያ ቢኖር የእርስዎ መቀስ ብቻ ነው። ሪባኑ እንደተቆረጠ በሩ ተቆለፈ፤ ቁልፉም እነሆ በርእሰ መምህሩ ወገብ ላይ ከሌሎች ቁልፎች ጋር ሲንሿሿ ይውላል። ምክንያቱን ብንጠይቅ "ልጆች ከገቡ ብርጭቆው ይሰበራል" ተባልን። እውነት ነው፣ ልጅና ብርጭቆ ተስማምተው አያውቁም።

ልጆቹ በእረፍት ሰዓት መስኮቱ ላይ እየተንጠላጠሉ ውስጡን ያያሉ። ጥግ ላይ የቆመውን የፕላስቲክ አጽም "ምክትል ርእሰ መምህር" ብለው ሰይመውታል። የእህቴን ልጅ ለምን እንዲህ ትሉታላችሁ ብዬ ብቆጣት፣ "ሁልጊዜ አለ፣ ግን ምንም አይልም" ብላ መለሰችልኝ። ቁጣዬን መቀጠል ስላልቻልኩ ወደ ማድ ቤት ገባሁ።

ማግኔቱም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ልጆቹ "ማግኔት ብረትን ይስባል" የሚለውን ከሰሌዳ ላይ ገልብጠው በቃል አጥንተዋል። የእህቴ ልጅ እጇን አውጥታ ማግኔት ትልቅ ነው ትንሽ ብላ ብትጠይቅ፣ የሳይንስ መምህሩ፣ ቅን ሰው ናቸው፣ "እኔም አላየሁት" አሏት። ሳያዩ ማመንን ሌላው ሰው በብዙ ጾምና ጸሎት ያገኘዋል፤ ልጆቻችን በአንድ ክፍለ ጊዜ እንዲያገኙት ስላደረጉ ምስጋናዬ ወደር የለውም።

ሁለተኛ፦ ስለ መማሪያ መጽሐፉ

ይህኛው ሰፋ ያለ ነውና ክቡርነትዎ ተመቻችተው እንዲቀመጡ እለምናለሁ።

አዲሱ የሒሳብ መጽሐፍ ሲመጣ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ፣ ወረቀቱም ወፍራም ነበር። በውስጡ አንድ ጥያቄ አለ፦ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ወንበሮች በሰባት ረድፍ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ረድፍ ስምንት ወንበር ካለ በጠቅላላው ስንት ወንበር አለ? መጽሐፉ መጨረሻ ላይ፣ መልሶቹ ከተዘረዘሩበት ገጽ፣ "ሃምሳ አራት" የሚል ታትሟል። የማተሚያ ቤት እጅም የሰው እጅ ነው፣ ይስታል። በዚህ ማንም ቂም አልያዘም።

የእህቴ ልጅ የሒሳብ መምህርት ወጣት ሴት ናት። ልጆቹ "እስቲ" ይሏታል፤ ቃሉ ከአፏ ስለማይጠፋ ነው። እስቲ ለኩት፣ እስቲ ቁጠሩት፣ እስቲ አንቺ ደግሞ በሌላ መንገድ ሞክሪው ትላለች። ክፍሏ ውስጥ ሁካታ ስለማይጠፋ ርእሰ መምህሩ ጠብ የተነሣ እየመሰላቸው ብቅ ይሉ ነበር። እስቲ ስሕተቱን ስታይ ልጆቹን በእርሳስ ሰርዘው ሃምሳ ስድስት ብለው እንዲጽፉ አደረገች። "መጽሐፍም ይሳሳታል፣ እናንተም ትሳሳታላችሁ፣ እኔም እሳሳታለሁ፤ የምንቆጥረው ለዚህ ነው" አለቻቸው።

ከዚያ የጽሕፈት ቤትዎ ፈተና መጣ፤ ያው ጥያቄ አንድ ፊደል ሳይለወጥ አብሮ መጣ። የመጨረሻውን ገጽ በቃላቸው የያዙት የጎረቤት ክፍል ልጆች አገኙ፤ ቆጥረው የመጡት የእስቲ ልጆች በሙሉ ሳቱ። መምህርቷ በትሕትና ለጽሕፈት ቤቱ አመለከተች። በክቡርነትዎ ፊርማ የመጣው መልስ፣ የታረመው መጽሐፍ ታትሞ እስኪደርስ ድረስ በመጽሐፉ ላይ ያለው መልስ እንደጸና ይቆያል የሚል ነበር።

ክቡር ሆይ፣ በመዝገብ ቤት ዘመኔ ብዙ እግድ አይቻለሁ። መሬት ሲታገድ አይቻለሁ፣ ቤት ሲታገድ አይቻለሁ፣ አንድ ጊዜ ሠርግ ሲታገድም አይቻለሁ። የማባዛት ሠንጠረዥ ሲታገድ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቤት ነገር ላጫውትዎ። ልጅቷ ውጤቷን ይዛ ስትመጣ አላለቀሰችም፤ እኔም ተረሳ ብዬ ተውኩት። ቅዳሜ እንግዳ ሊመጣብን ሆኖ መደርደሪያው ላይ ስንት ብርጭቆ እንዳለ እንድትቆጥርልኝ ላክኋት። ሄዳ ቀረች። በኋላ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ "አክስቴ፣ የማየውን ልንገርሽ ወይስ የሚፈለገውን?" አለችኝ። የምታዪውን ንገሪኝ እንጂ ልጄ አልኳት። ነገረችኝ፤ ከነገረችኝ በኋላ ግን አግኝታ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን አየችው። እንዲህ ያለ አስተያየት በፍርድ ቤት በብዙ ምስክሮች ላይ አይቻለሁ። በልጅ ላይ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሰኞ መምህርቷን ፈልጌ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የልጅቷን ነገር ነግሬ ምን ይሻላል ብላት፣ "እስቲ ወንበሮቹን እናውጣቸው" አለች።

ልጆቹ ከየክፍሉ ወንበር እየተሸከሙ ወደ አዳራሹ አስገቡ። ሰባት ረድፍ፣ በየረድፉ ስምንት። ቁመቱን የቆጠረ አለ፣ ወርዱን የቆጠረ አለ፤ የእህቴ ልጅ ሥራ ስታበዛ የወንበሮቹን እግር በሙሉ ቆጥራ ለአራት አካፈለችው። የጎረቤት ክፍል ልጆችም ወሬውን ሰምተው መጥተው ቆጠሩ። ክቡር ሆይ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ያለኝን አክብሮት ያህል ሃምሳ አራት እንዲሆን በልቤ ተመኝቻለሁ። ወንበሮቹ ግን ደብዳቤዎ አልደረሳቸውም መሰለኝ፣ በየትኛውም በኩል ሃምሳ ስድስት ሆነው ቀሩ።

ሦስተኛ፦ ስለ አጣሪ ኮሚቴው

ርእሰ መምህሩ ነገሩን ወዲያው ሪፖርት አደረጉ። ክሱ ሁለት ነበር፦ ንብረትን ያለ ፈቃድ ማንቀሳቀስ፣ እና ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ የሆነ መልስ ማስፋፋት። ክቡርነትዎም ሳይውሉ ሳያድሩ አጣሪ ኮሚቴ ላኩልን። የውኃ ቧንቧችን ሲፈነዳ ስንት ጊዜ ጮኸን ሰሚ እንዳጣን ሳስታውስ ፍጥነትዎን አደንቃለሁ።

ወላጆች እንድንገኝ ስለተፈቀደልን ከጎረቤቴ ከአናጢው ጋር ሄጄ ነበር። ወንበሮቹ እንደተደረደሩ ነበሩ፤ ልጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፣ መምህርቷ ፊት ለፊት ለብቻዋ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ከረባታቸውን አስተካክለው፣ "እኛ የመጣነው ለማጣራት እንጂ ለመቁጠር አይደለም" ሲሉ ስብሰባውን ከፈቱ። አናጢው አፉ አያርፍምና፣ "ታዲያ ጌታዬ፣ ሳይቆጥሩ ምኑን ያጣሩታል?" አላቸው። ሰብሳቢው ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ቆጠሩ።

ከበሩ ጀምረው ትኩሳት ያለበትን ሕመምተኛ እንደሚዳስስ ሐኪም እያንዳንዱን ወንበር በእጃቸው እየነኩ ቆጠሩ። ጨርሰው ቆሙ። ተመልሰው ከመስኮቱ በኩል ጀመሩ፤ እንደገና ቆሙ። ምክትላቸው እንዲሞክሩት አዘዙ፤ ምክትሉም ጨርሰው ጣሪያውን አዩ። የእህቴ ልጅ የጨነቃቸው መስሏት በትሕትና፣ "ጋሼ፣ በእግራቸው ቢቆጥሯቸው ይሻላል" አለቻቸው። ኮሚቴው ለምክክር ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባ፤ ሻይ ሲገባ አየን፣ ብስኩትም ተከተለ።

ሲመለሱ የተነበበውን ውሳኔ በሥራ ልማዴ ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፦ "በአዳራሹ ውስጥ በመጽሐፉ ከተመለከተው ቁጥር በላይ ሁለት ትርፍ ወንበሮች መገኘታቸው ስለተረጋገጠ፣ ትርፎቹ ወደ መጋዘን እንዲመለሱ፤ ትርፍ ወንበር ያስገባችው መምህርትም ከማስተማር ሥራ ተነሥታ በጽሕፈት ቤቱ የጠመኔ መጋዘን እንድትመደብ።"

ሁለት ሠራተኞች ገብተው ከመጨረሻው ረድፍ ሁለቱን ወንበሮች እንደ አስከሬን አንሥተው ይዘው ወጡ። መምህርቷ ቦርሳዋን አንሥታ፣ በእጅጌዋ ላይ ያለውን የጠመኔ ብናኝ አራግፋ ወደ ልጆቹ ዞረች። "አሁንስ ስንት ቀረ?" አለቻቸው። "ሃምሳ አራት" አሉ። "ጎበዞች፤ መቀነስም ችላችኋል ማለት ነው" ብላ ወጣች። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ፍርደኛ ሲወጣ አይቻለሁ፤ እንዲህ ቀጥ ብሎ የሄደ ግን ጥቂት ነው።

ክቡር ሆይ፣ ሌላው ሰው መጽሐፍ ሲሳሳትበት መጽሐፉን ያርማል፤ እርስዎ አዳራሹን አረሙልን። ለዚህ ቆራጥነትዎ ያለኝ ምስጋና በቃል የሚያልቅ አይደለም። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ሁለት ሰዎች መቀመጫ አጥተን ቆምን፤ አንዷ እኔ ነበርኩ። ስለ ትምህርት ጥራት ያደረጉትን ሰፊ ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእግሬ ቆሜ ነው የሰማሁት፤ ጉልበቴ እስካሁን ያስታውሰዋል።

አራተኛ፦ ይህ ቅሬታ ሳይሆን ሪፖርት ነው

መምህርቷ በጠመኔ መጋዘንዎ ካርቶን ስትቆጥር ትውላለች፤ አላማረረችም። ቅዳሜ ጠዋት ግን አናጢው የሥራ ቤቱን ግቢ ስለፈቀደላት እዚያ ታስተምራለች። መጀመሪያ የመጡት የራሷ ልጆች ነበሩ። ቀጥሎ በፈተናው "አግኝተዋል" የተባሉት የጎረቤት ክፍል ልጆች መጡ፤ እነሱም ነገሩ ሲከነክናቸው ከርሞ ነበር። አሁን ወላጅም ይመጣል፤ በተጋደመ ግንድ ላይ ተደርድረን እንቀመጣለን።

ሻማ ለኩሰን ብርጭቆ ደፍተንበት ሲጠፋ አየን፤ በዚህ ዕድሜዬ ለምን እንደሚጠፋ ገባኝ። አንድ ብርጭቆ ተሰብሯል። በመጥረጊያ ጠረግነው፤ ለቀስተኛ አልተጠራም። መምህርቷ ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ማግኔት አውጥታ በሰጋቱራ ውስጥ ስታንከባልለው ሚስማሮቹ ከየተቀበሩበት እየዘለሉ ሲለጠፉበት ልጆቹ ተጋፍተው ከበቡት። የእህቴ ልጅ በመዳፏ ይዛው፣ "እኔ እኮ ትልቅ ነገር መስሎኝ ነበር" አለች። ያን ቀን ሚስማሮቹን ቆጥራ ነገረችኝ፤ ነግራኝም ፊቴን ሳታይ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ሰጋቱራ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ መምህርቷን ይመልሱልን። አሠራሩ አይፈቅድም ከተባለም፣ ቢያንስ ወደ አናጢው ግቢ ኮሚቴ እንዳይልኩብን አደራ እላለሁ። እዚያ ብዙ እንጨት አለ፤ መጽሐፉ ስንቱን እንደሚፈቅድ የሚያውቅ የለም።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን እንደ ስብሰባዎችዎ ያርዝምልን፣ ሥልጣንዎንም እንደ ውሳኔዎችዎ ያጽናልን እያልኩ፣ በጽሕፈት ቤትዎ ደጃፍ ተሰልፈው ከሚጠብቁት ሁሉ በትዕግሥት የማላንስ፣ በአክብሮት ግን የምበልጥ ታዛዥዎ፣

የመዝገብ ቤቷ ጡረተኛ

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦ ትናንት ጸሐፊዎ ወደ አናጢው ግቢ መጥታ፣ ልጅዎ በሒሳብ ደከም ስላለችብዎ መምህርቷ እቤትዎ እየመጣች ለብቻዋ ብታስጠናት መኪና እንደሚልኩላት ነግራናለች። መምህርቷ እቤት አልሄድም፣ ልጅቷ ግን ቅዳሜ ትምጣ፣ ግንዱ ላይ ቦታ አለ ብላለች። ጥያቄ መጠየቅ የሚፈቀድ መሆኑን አስቀድመው ቢነግሯት መልካም ነው፤ ከባለሥልጣን ቤት የሚመጡ ልጆች ይህን እስኪለምዱ ይቸገራሉ። ነገሩ በምስጢር እንዲያዝልዎ አደራ ማለትዎንም ሰምቻለሁ፤ የመዝገብ ቤት ሰው ምስጢር ያውቃልና አይስጉ፣ ከዚህ ግልጽ ደብዳቤ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።